የድሮ ጌም በአዲስ ቲቪ ላይ ለምን ያስጠላል? ጥፋቱስ የማን ነው?

ፕሌይስቴሽን 2 ያለው ሰው ይህን ነገር ሳያየው አይቀርም። ኮንሶሉ ያው ነው፣ ሲዲው ያው ነው፣ ጆይስቲኩም ያው ነው። የተቀየረው ቲቪው ብቻ ነው። ጀርባው ወፍራሙ የድሮ ቲቪ ወጥቶ ባለ 43 ኢንች ፍላት ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ሥዕሉ ይበልጥ ያምራል ተብሎ ሲጠበቅ ጭራሽ ደበዘዘ። ተጫዋቾቹ አጠሩና ወፈሩ። "ምታ" ብላችሁ ስትጫኑ ደግሞ ሰውየው ትንሽ አሰብ አድርጎ ነው የሚመታው። ይሄኔ ከጓደኞቻችሁ አንዱ "ተወው ባክህ፣ ግራፊክሱ ድሮም እንዲህ ነበር፤ ያኔ ልጅ ስለነበርን ነው ያማረን" ይላል።

ይህ አባባል ስህተት ነው። ስህተቱን ደግሞ በክርክር ሳይሆን በማስመሪያና በስልክ ካሜራ ማሳየት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ተራ በተራ እንፈትሻለን፦ የፍላት ቲቪውን ሥራ፣ በየሱቁ የሚሸጠውን ትንሽ የኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ መቀየሪያ፣ እንዲሁም "በሺህ የሚቆጠሩ ጌሞች በውስጡ አሉ" የሚባልለትን የኤችዲኤምአይ ጌም ስቲክ። በመጨረሻም የድሮውን ቲቪ እንደ ታቦት የሚያዩትን ሰዎች አንምራቸውም።

ነገሩ የናፍቆት ጉዳይ ብቻ አይደለም

"ያለፈበት ኮንሶል ምን ያደርግልናል?" የምትሉ ትኖራላችሁ። መልሱ በተለይ ለመቀሌ ልጅ ግልጽ ነው። ፕሌይስቴሽን 2 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ እስከ ዛሬ በዓለም በብዛት ከተሸጡ ኮንሶሎች ቀዳሚው ተብሎ ይጠቀሳል። ፔስ እያልን የምንጠራው የእግር ኳስ ጌም ለዚህ ኮንሶል እስከ 2014 እትሙ ድረስ ታትሞለታል። ይህ ሁሉ ጌም አንድ ዲስክ ላይ ያልቃል፤ ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ጊጋ ባይት ነው። የዘንድሮ ትልልቅ ጌሞች ግን አሥርት ጊጋ ባይቶችን፣ አንዳንዶቹም ከ100 በላይ ይበላሉ፤ ገና ሳይከፈቱም "አፕዴት አውርድ" ይላሉ።

መቀሌ ደግሞ ኢንተርኔትና ስልክ ለረጅም ጊዜ የተቋረጠባት ከተማ ናት። በጦርነቱ ጊዜ የጠፋው መብራት ወደ ዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ተመልሶ የተገናኘው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ ኢንተርኔት የማይጠይቅ፣ መብራት እስካለ ድረስ ዲስክ ብቻ ከትቶ የሚያጫውት ዕቃ ቆሻሻ ሊባል አይችልም። ቀዳማይ ወያነም ሆነ አዲ ሐቂ አካባቢ ጌም ቤት ልክፈት የሚል ወጣት ገንዘቡን የሚያወጣው በኮንሶሉ፣ በቲቪውና በኬብሉ ላይ ነው። ተሸናፊ በሚከፍልበት ቤት ደግሞ የቲቪው መዘግየት ቀጥታ ኪስ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጥያቄው ተራ አይደለም፦ የድሮውን ቲቪ ሸጠን አዲስ ስንገዛ ምን አገኘን? ምንስ ከፈልን?

የድሮው ቲቪ ሥዕሉን እንዴት ይሥል ነበር?

መጀመሪያ የድሮውን ቲቪ እንረዳው። ሲአርቲ ይባላል። ከኋላው ያለው ወፍራም ክፍል የቲዩቡ አንገት ነው፤ ጫፉ ላይ ኤሌክትሮን የሚተኩስ ጠመንጃ አለ። ይህ ጠመንጃ የኤሌክትሮን ጨረር ወደ መስታወቱ ይልካል፤ መስታወቱ በውስጥ በኩል ፎስፈር የሚባል ነገር ተቀብቷል። ፎስፈሩ ሲመታ ያበራል፣ ወዲያው ደግሞ ይከስማል። ጨረሩ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ መስመር ይሥላል፣ ይመለሳል፣ ቀጣዩን ይሥላል፤ እንዲህ እያለ እስከ ታች ይወርዳል። ማለትም በአንድ ቅጽበት ስክሪኑ ላይ ሙሉ ሥዕል የለም። ሙሉ ሥዕል ያለው ዓይናችንና አእምሯችን ውስጥ ነው።

ካላመናችሁ የድሮ ቲቪ ባገኛችሁበት ቦታ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹት። ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚንከባለል ጥቁር ቀበቶ ታያላችሁ። ቲቪው አልተበላሸም፤ ካሜራው ዓይናችን ያላየውን አይቶ ነው።

አገራችን የተከተለችው የቲቪ ሥርዓት ፓል ይባላል። ፓል አንድን ሥዕል በ625 መስመር ይከፍለዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ሥዕል የሚይዙት 576 ናቸው። ግን በአንዴ አይላኩም። መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው መስመሮች፣ ቀጥሎ ሙሉ ቁጥር ያላቸው ይመጣሉ፤ በሰከንድ 50 ግማሽ ሥዕሎች ማለት ነው። ይህ ዘዴ ኢንተርሌስ ይባላል። የጃፓንና የአሜሪካ ሥርዓት የሆነው ኤንቲኤስሲ ደግሞ 525 መስመርና በሰከንድ ወደ 60 የሚጠጉ ግማሽ ሥዕሎች አሉት።

የድሮዎቹ ኮንሶሎች እዚህ ላይ አንድ ብልጠት ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የኔንቲዶ ፋሚኮም 256 በ240 ፒክስል ብቻ ነበር የሚሥለው። ታዲያ ምልክቱን ትንሽ ነካክቶ ሁለቱም ግማሽ ሥዕሎች አንዱ በአንዱ ላይ እንዲያርፉ አደረገ። በሌላ አነጋገር ጨረሩ ጎዶሎዎቹን መስመሮች ብቻ ደጋግሞ ይሥላል፤ በመካከላቸው ያሉት ጨለማ ሆነው ይቀራሉ። ውጤቱ የማይንቀጠቀጥ፣ በሰከንድ 60 ጊዜ ሙሉ በሙሉ የሚታደስ ሥዕል ነው። ይህ አሠራር 240ፒ ይባላል። እኛ አገር "ቲቪ ጌም" የምንላቸው የፋሚኮም ቅጂዎች፣ ሴጋ ሜጋ ድራይቭ፣ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን፣ ሁሉም ይህንኑ መንገድ ተጠቅመዋል።

ልብ በሉ፤ ይህ ምልክት በየትኛውም የቲቪ ደንብ ላይ አልተጻፈም። ሲአርቲው የሚሠራው እንዴት እንደሆነ ያወቁ ሰዎች ያገኙት ቀዳዳ ነው። የአዲሱ ቲቪ ችግርም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ጥፋት አንድ፦ ያልተረዱትን መተርጎም

አዲሱ ፍላት ቲቪ በኤቪ ገመድ በኩል አንድ ምልክት ሲመጣለት "ይሄ ኢንተርሌስ የሆነ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነው" ብሎ ይገምታል። ሁለቱን ግማሽ ሥዕሎች ይጠብቅና አንድ ላይ ሊሰፋቸው ይሞክራል። 240ፒ ግን ግማሽ አይደለም፤ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ሙሉ ሥዕል ነው። ሁለት የተለያዩ ቅጽበቶችን አንድ ላይ ሲሰፉ ምን ይወጣል? የሚሮጠው ገጸ ባሕርይ ጠርዝ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተቆራረጠ መስመር ይወጣል፤ አለዚያም ሁለቱ ተቀላቅለው ይደበዝዛሉ።

ሌላም አለ። የድሮ ጌም ሠሪዎች ጥላን ወይም የተመታን ጠላት ግልጽና ብርሃን አሳላፊ አስመስለው ለማሳየት በአንዱ ፍሬም ያሳዩትና በሚቀጥለው ያጠፉት ነበር። በሲአርቲ ላይ ዓይን አማካዩን ይወስድና "ጥላ" ያያል። አዲሱ ቲቪ ግን አንዳንዴ የሚበራውን ፍሬም ብቻ፣ አንዳንዴ ደግሞ የሚጠፋውን ብቻ ይመርጣል። ስለዚህ ጥላው ወይ ድፍን ጥቁር ይሆናል፣ ወይ ጨርሶ ይጠፋል። ጌሙ የተናገረው ሌላ፣ ቲቪው የተረጎመው ሌላ።

ለፕሌይስቴሽን 2 ፍርዱ ትንሽ ይለያል። ይህ ኮንሶል በአብዛኛው እውነተኛውን ኢንተርሌስ ምልክት ነው የሚልከው። ቲቪው ግምቱ ልክ ነው፤ ሥራው ግን ከባድ ነው። ግማሾቹን ለመስፋት ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ግማሽ ሥዕል መጠበቅ አለበት፤ በፓል ይህ 20 ሚሊ ሰከንድ ነው። ፈጣን ኳስ በሁለቱ ግማሾች መካከል ቦታዋን ስለምትቀይር መሰፋቱ አያምርም።

ጥፋት ሁለት፦ የማይካፈል ቁጥር

አሁን የክፍል ሒሳብ እንሥራ። ፉል ኤችዲ የሚባለው ቲቪ 1920 በ1080 ፒክስል አለው። የጌሙ መስመር 240 ነው። 1080ን ለ240 ስታካፍሉ 4.5 ይመጣል። ችግሩ ይሄ ግማሽ ነው። ፒክስል በግማሽ አይቆረጥም። ስለዚህ ወይ አንዱ መስመር 4 ጊዜ፣ ሌላው 5 ጊዜ ይደገማል፤ ያን ጊዜ የገጸ ባሕርዩ አንድ ዓይን ከሌላው ይተልቃል፣ መሬቱ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ይርገበገባል። አለበለዚያ ቲቪው ቀለሞቹን በመካከል እያቀላቀለ ልዩነቱን ይሸፍናል፤ ያን ጊዜ ይደበዝዛል። ብዙዎቹ ቲቪዎች የሚመርጡት ሁለተኛውን ነው።

የሚገርመው ይሄ ነው፦ 720 ለ240 ሲካፈል 3 ልክ ነው። 2160፣ ማለትም 4ኬ፣ ለ240 ሲካፈል 9 ልክ ነው። ሁለቱም ንጹሕ ቁጥር ናቸው፤ መሐል ያለው 1080 ነው ችግረኛው። "ታዲያ ባለ 32 ኢንች ኤችዲ ቲቪዬ 720 ስለሆነ ተገላገልኩ" እንዳትሉ። ብዙዎቹ ባለ 32 ኢንች "ኤችዲ" ቲቪዎች እውነተኛ ስክሪናቸው 1366 በ768 ነው። 768 ለ240 ሲካፈል 3.2 ነው። መቀየሪያው 720 ቢልክለትም ቲቪው እንደገና ወደ 768 ይለጥጠዋል። ሁለት ጊዜ የተለጠጠ ሥዕል ሁለት ጊዜ እንደተገለበጠ ፎቶ ኮፒ ነው።

በዚህ ላይ የቅርጽ ጉዳይ አለ። የድሮ ጌም የተሠራው ወርዱ 4 ሲሆን ቁመቱ 3 ለሆነ ስክሪን ነው። አዲሱ ስክሪን 16 በ9 ነው። ቲቪው ዝም ብሎ ከዳር እስከ ዳር ሲሞላው ሁሉም ነገር በ33 በመቶ ይሰፋል። ክብ ኳስ እንቁላል ይሆናል። ማስመሪያ አምጡና በስክሪኑ ላይ የኳሷን ወርድና ቁመት ለኩ፤ ወርዱን ለቁመቱ አካፍሉ። 1.3 አካባቢ ከመጣ ቲቪያችሁ እየዋሻችሁ ነው። ከጥፋቶቹ ሁሉ በነፃ የሚታረመው ይሄ ነው፤ የብዙ ቤት ቲቪ ግን እንደተለጠጠ ይኖራል፤ በጎንና በጎን የሚቀረው ጥቁር ቦታ "የባከነ ስክሪን" ስለሚመስል። የተበላሸ ኳስ ከማየት ጥቁር ቦታ ማየት ይሻላል።

ጥፋት ሦስት፦ መዘግየት

እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ኦሊምፒክ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10 ሺህ ሜትር ያሸነፈበትን ሰዓት ታስታውሱታላችሁ ወይም ታላላቆቻችሁ ነግረዋችኋል። ኃይሌ 27 ደቂቃ ከ18.20፣ ቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29። ልዩነቱ 0.09 ሰከንድ፣ ማለትም 90 ሚሊ ሰከንድ ነው። ወርቅና ብር የተለያዩት በዚህ ነው።

ሲአርቲ ምልክቱ ሲደርሰው ወዲያው ይሥላል፤ የሚያጠራቅምበት ማስታወሻ የለውም። ፍላት ቲቪ ግን ሥዕሉን ተቀብሎ ያስቀምጣል፣ ይሰፋል፣ ይለጥጣል፣ "ጥራት ይጨምራል" የሚባሉ ማጣሪያዎችን ያሳልፋል፣ ከዚያ ያሳያል። የጌም ሞድ ካልበራ ይህ ሁሉ ሥራ በብዙ ቲቪዎች ላይ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። የኃይሌና የቴርጋትን ያህል ልዩነት በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ ትከፍላላችሁ ማለት ነው። በሰከንድ 50 ሥዕል በሚልክ ኮንሶል 100 ሚሊ ሰከንድ 5 ፍሬም ነው።

"መዘግየቱ ለሁለታችንም እኩል ነው፤ ታዲያ ምን ችግር አለው?" የሚል ክርክር አለ። ግማሹ ልክ ነው። ግን ያንን ቲቪ በየቀኑ የሚጫወትበት ልጅ እጁ መዘግየቱን ለምዶታል፤ ቀድሞ ይጫናል። ከሌላ ሰፈር የመጣው እንግዳ ግን አልለመደም። የተሸነፈው በጨዋታ ችሎታ ይሁን በቲቪው ማወቅ አይቻልም። አንድ መለኪያ ችሎታን ከለመድ መለየት ካልቻለ ጥሩ መለኪያ አይደለም።

ራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ። በሰከንድ 240 ፍሬም የሚቀርጽ ስሎው ሞሽን ያለው ስልክ ፈልጉ። ጣታችሁንና ስክሪኑን አንድ ላይ እንዲያሳይ አድርጋችሁ ቁልፉን በደንብ ስትጫኑ ቅረጹ። ከዚያ ጣታችሁ ቁልፉን ከነካበት ፍሬም ጀምራችሁ ስክሪኑ ላይ ለውጥ እስከታየበት ድረስ ቁጠሩ። እያንዳንዱ ፍሬም 4.2 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። 24 ፍሬም ቢሆን 100 ሚሊ ሰከንድ መጣ። አንድ ጊዜ ብቻ አትለኩ፤ አሥር ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። ጌሙ ራሱ የሚያስፈልገው ጊዜ አብሮ ስለሚቆጠር ያንኑ ጌም በሲአርቲም ለኩትና ልዩነቱን ተመልከቱ። ልዩነቱ የቲቪው ነው።

መዘግየቱ ጨርሶ የገደላቸው ጌሞችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ዳክ ሀንት በሽጉጥ ዳክዬ የሚመታበት ጌም ነው። ሽጉጡ ጥይት አይተኩስም፤ እንደ ዓይን ያያል። ምላጩን ስትስቡ ስክሪኑ ለአንድ ፍሬም ይጠቁራል፤ ቀጥሎ ዳክዬው ባለበት ቦታ ነጭ ሳጥን ይወጣል። ሽጉጡ መጀመሪያ ጨለማ፣ ቀጥሎ ብርሃን ካየ "ተመታ" ይላል። ጨለማው ሌባን ለመያዝም ይጠቅማል፤ ሽጉጡን ወደ አምፖል ያዞረ ልጅ ጨለማውን ስለማያይ አያልፍም። ፍላት ቲቪ ላይ ነጩ ሳጥን ዘግይቶ ይደርሳል። ሽጉጡ ማየት ባለበት ቅጽበት የሚያየው የለም። ስለዚህ ምንም ያህል ብታነጣጥሩ አንድም ዳክዬ አይወድቅም።

መቀየሪያዋና ጌም ስቲኩ

አሁን ወደ ሱቁ እንግባ። ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ በአንድ በኩል የሚሰካባት፣ በሌላ በኩል ኤችዲኤምአይ የሚወጣባት ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን አለች። ዋጋዋ ርካሽ ነው፤ አዲሱ ቲቪ የኤቪ ቀዳዳ ከሌለው ሌላ አማራጭ ላይኖር ይችላል። ግን የምትሠራውን ዕወቁ። ቢጫው ገመድ ብሩህነትንና ቀለምን በአንድ ሽቦ አጭቆ ይልካል። ሳጥኗ እነዚህን መልሳ መለየት አለባት፤ በርካሽ ዕቃ ስትለይ ደግሞ ጠርዝ ላይ ቀስተ ደመና ይቀራል። 240ፒን እንደ ኢንተርሌስ ትቆጥራለች። በሰከንድ 50 ሥዕል ተቀብላ 60 የምትልክ ከሆነች ደግሞ በየአምስቱ ሥዕል አንዱን ትደግማለች፤ ለዚህ ነው ካሜራው በሜዳው ላይ ሲንቀሳቀስ ልክ ጉድጓድ እንደገባ መኪና ነጠር የሚለው። "1080 ያወጣል" መባሉ እውነት ነው፤ ቁጥሩ ግን የሚነግራችሁ የሳጥኑን ስፋት እንጂ በውስጡ ያለውን አይደለም። በአንድ ሊትር ጀሪካን ያለን ውኃ በሃያ ሊትር ብትገለብጡት ውኃው አይጨምርም።

ጌም ስቲኩ ግን የባሰ ትችት ይገባዋል። ፍላሽ የምታክል ዕቃ፣ ሁለት ገመድ አልባ ጆይስቲክ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ጌሞች፣ ከላዩ ላይ "4ኬ" የሚል ጽሑፍ። ጌሞቹ በ240 መስመር የተሣሉ ናቸው፤ 4ኬ የሚለው ማሸጊያው ላይ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ሲከፈት ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር ለጥጦ ነው የሚያሳየው። መዘግየቱ ሦስት ቦታ ይጠራቀማል፦ ገመድ አልባው ጆይስቲክ፣ ኮንሶሉን አስመስሎ የሚሠራው ሶፍትዌር፣ ከዚያ ቲቪው ራሱ። የጌሞቹን ባለቤቶች ፈቃድ ያልጠየቀ መሆኑም ሌላ ጉዳይ ነው። ልጅ ፋሚኮምን ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ዕቃ ቢተዋወቅ "የድሮ ጌም አስቀያሚ ነው" ቢል አይፈረድበትም። መጽሐፍን በመጥፎ ትርጉም አንብቦ ደራሲውን እንደመውቀስ ነው።

እንግዲህ ጥሩ ተርጓሚም አለ። የ240ፒን ምንነት የሚያውቁ፣ መስመሩን ሳያጠራቅሙ ወዲያው የሚያባዙ መሣሪያዎች ተሠርተዋል። ኦኤስኤስሲ የሚባለው ንድፉ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ሬትሮቲንክ የሚባሉት ደግሞ በተለያየ ደረጃ ይሸጣሉ። ሥዕሉ ይጠራል፣ መዘግየቱ ወደ ምንም ይጠጋል። ችግሩ ዋጋው ነው፤ የላይኞቹ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣሉ። ለአንድ ጌም ቤት ይህ ከኮንሶሎቹ ሁሉ የበለጠ ወጪ ነው። ስለዚህ "ይህን ግዙ" ማለት ቀላል ቢሆንም ለመቀሌ አንባቢ መልስ አይሆንም።

ግን ሲአርቲን አናምልክ

በሌላ ጫፍ ደግሞ "የድሮ ጌም በሲአርቲ ካልሆነ ጌም አይባልም" የሚሉ አሉ። የሚያነሱት ምሳሌ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው ሶኒክ ላይ ፏፏቴዎቹ አንድ ቀጥ ያለ የፒክስል መስመር ቀለም፣ ቀጥሎ ያለው ባዶ እየሆኑ ነው የተሣሉት። በቢጫው ገመድና በሲአርቲ ላይ መስመሮቹ ይቀላቀሉና ከኋላው ያለውን የሚያሳይ ውኃ ይመስላሉ። ጥርት ባለው ፍላት ላይ ግን የእንጨት አጥር ናቸው። እዚህ ላይ ድብዘዛው የሥዕሉ አካል ነበር።

ይህ እውነት ነው፤ ሕግ ግን አይሆንም። በአውሮፓ ብዙዎች ስካርት በሚባል ገመድ ቀለሞቹን ለየብቻ አድርገው ጥርት ባለ ሥዕል ይጫወቱ ነበር፤ ፏፏቴው ለእነሱ ያኔም አጥር ነበር። "የመጀመሪያው፣ ትክክለኛው ሥዕል" የሚባል አንድ ነገር የለም። የፓል ተጫዋች ራሱ በሰከንድ 60 ለተሠራ ጌም 50 ብቻ ስለሚደርሰው ብዙ ጌሞችን ከስድስት አንድ እጅ ቀርፎ፣ ቀስ ብሎ ነው የተጫወታቸው። ሶኒክም ሙዚቃው ሳይቀር ተጎትቷል። ያኔ የነበረው ሁሉ የተሻለ አልነበረም።

ሲአርቲው ራሱም ያረጃል። ፎስፈሩ ይደክማል፣ ሥዕሉ ጠርዝ ላይ ይጎብጣል፣ በ50 ኸርዝ መብለጭለጩ ራስ ያማል፣ ክብደቱ ሁለት ሰው ይፈልጋል። መስታወቱ እርሳስ አለበት፤ ሰብሮ ሜዳ ላይ መጣል አፈርና ልጆችን መመረዝ ነው። ውስጡ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይሠራል፤ ከተነቀለ በኋላም ሊይዝ ይችላል። እባካችሁ፣ የማወቅ ጉጉት ብሎ ጀርባውን አትክፈቱ። የድሮ ቲቪ የሚጠግን ባለሙያ ካላችሁበት ሰፈር ካለ እሱን ጠይቁት፤ እሱ የሚያውቀው ነገር በየትኛውም መጽሐፍ የማይገኝ ሆኖ እያለቀ ነው።

ፍርዱ

ከአክሱም ዘመን የቀሩ፣ ድንጋይ ላይ የተፈለፈሉ የገበጣ ጉድጓዶች የሃ ላይ ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸው ከ6ኛውና ከ7ኛው ክፍለ ዘመን ይቆጠራል። ጠጠር ብታመጡ ዛሬም መጫወት ትችላላችሁ። የቪዲዮ ጌም ግን እንደዚያ አይደለም። ግማሹ ዲስኩ ውስጥ ነው፣ ግማሹ ስክሪኑ ውስጥ። ዲስኩን አስቀምጦ ስክሪኑን የጣለ ሰው ጨዋታውን ያስቀመጠ ይመስለዋል እንጂ ግማሹን ጥሎታል።

ስለዚህ ጥፋቱ የኮንሶሉ አይደለም። ፍላት ቲቪም በተፈጥሮው መጥፎ አይደለም፤ ለፊልምና ለአዲስ ጌም ከሲአርቲ እጅግ ይሻላል። የጥፋቱ ትልቁ ድርሻ የመሐል ተርጓሚው ነው፦ ምልክቱን ሳይረዳ የሚገምተው የቲቪው ሶፍትዌር፣ ርካሿ ሳጥን፣ "4ኬ" የተለጠፈበት ስቲክ። ቀሪው ድርሻ ደግሞ ቲቪው ከፋብሪካ እንደወጣ ሳንነካው የምንጠቀም የእኛ ነው።

ገንዘብ ሳታወጡ ዛሬ ማታ የምታደርጉት ይሄ ነው። የሥዕል ሞዱን "ጌም" ላይ አድርጉት። ስፋቱን ወደ 4፡3 መልሱ። "ሞሽን" እና "ኖይዝ" የሚሉ ማሻሻያዎችን አጥፉ፤ ሻርፕነሱን ዝቅ አድርጉ። ማስተካከያው ለኤቪ መስመሩ ለብቻው ሊሆን ስለሚችል ኮንሶሉ እየሠራ እያለ አስተካክሉት። መቀየሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ብዙዎቹ 720 ወይም 1080 የሚመርጥ ማብሪያ አላቸው፤ ሁለቱንም ሞክሩና በዓይናችሁ ፍረዱ።

ትንሽ ገንዘብ ካላችሁ ፕሌይስቴሽን 2ን በኮምፖነንት ገመድ፣ ማለትም አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ባለው፣ አገናኙት፤ ቲቪው ቀዳዳው ካለው። ቀለሙና ብሩህነቱ ተለይተው ስለሚሄዱ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ከኮንሶሉ ሜኑ ገብታችሁ የኮምፖነንት ምርጫውን ከአርጂቢ ወደ ዋይ ሲቢ ሲአር መቀየር አትርሱ፤ አለዚያ ቀለሙ ይዛባና "ገመዱ ተበላሽቷል" ብላችሁ ትመልሱታላችሁ። የሚሠራ ሲአርቲ ቤት ካላችሁ ደግሞ ለሽጉጥ ጌሞችና ለቲቪ ጌም አስቀምጡት። አትሽጡት፣ አትስበሩት።

አንድ ሥራ ደግሞ ለተማሪዎች እንተው። በመቀሌ ገበያ ላይ የሚሸጡት ቲቪዎች ማሸጊያቸው ላይ ኢንች፣ ፒክስልና "ስማርት" የሚል አለ፤ የመዘግየታቸው ቁጥር ግን የለም። አንድ ስሎው ሞሽን ያለው ስልክ፣ አንድ ፕሌይስቴሽን 2 እና ትዕግሥት ያላቸው ሦስት የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎች በጥቂት ቅዳሜዎች ሊለኩት ይችላሉ። ጌም ቤት የሚከፍተው ወጣት ያን ሰንጠረዥ ይዞ ሱቅ ቢገባ ገንዘቡን በኢንች አይከፍልም፤ በሚሊ ሰከንድ ተከራክሮ ይገዛል።